ዋጋው እዚሁ ይጻፍ

እኛ ለማስታወቂያ የምንከፍል ነጋዴዎችና ማስታወቂያ እየሠራን የምንኖር ባለሙያዎች ነን። ከመካከላችን ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አለች፤ መርካቶ ጫማ ተራ ሱቅ ያለው፣ መገናኛ ስልክ የሚጠግን፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ምግብ ቤት የከፈተች፣ የሌሎችን ፔጅ ቡስት ሲያደርግ የሚያድር ወጣትም አለ። በብዙ ነገር አንስማማም። በአንዱ ግን ተስማምተናል፦ በኢንተርኔት የሚከፈልበት ማስታወቂያ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴው ነው፤ የአካውንቱ ቁልፍ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ የዕቃው ዋጋ ደግሞ ኢንቦክስ ውስጥ ተደብቋል። ቁልፉም ዋጋውም ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ተነስተናል።

ከዋጋው እንጀምር።

ፌስቡክ ላይ አንድ ሶፋ ይወጣል። ፎቶው ንጹሕ ነው፣ ጨርቁ ያምራል፣ አድራሻውም ተጽፏል። ከሥሩ «ስንት ነው?» የሚል ኮመንት ተደርድሯል፤ መልሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ «ኢንቦክስ»። ገዢው ኢንቦክስ ሲገባ ሻጩ መጀመሪያ ፕሮፋይሉን ይከፍታል። ሰፈሩን፣ አለባበሱን፣ ውጭ አገር መኖር አለመኖሩን ያያል። ዋጋው የሚወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ሪያድ በሰው ቤት ሠርታ ለእናቷ ሳሎን ዕቃ የምታሟላ ልጅ የምትሰማው ቁጥርና የሻጩ ጎረቤት የሚሰማው ቁጥር አንድ አይሆንም።

የዚህን ልማድ ጠበቆች ክርክር እናውቃለን። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል። ዶላሩ በየሳምንቱ ይነቃነቃል። ኮመንት ሲበዛ ፖስቱ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ተፎካካሪ ዋጋችሁን ለማወቅ አንድ የሐሰት አካውንት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ዋጋው የተደበቀው ከእሱ ሳይሆን ከገዢው ነው። ዶላሩ የሚነቃነቅ ከሆነ «እስከ ዓርብ የሚጸና ዋጋ» ብሎ መጻፍ ማንም አልከለከለም። ኪስ የሚያራቁተው ሦስተኛው ነው። ለፌስቡክ ባለቤት ለሜታ «መልእክት አምጣልኝ» ብላችሁ ስትከፍሉ ሥርዓቱ መልእክት መላክ የሚቀናቸውን ሰዎች ፈልጎ ያመጣል። የመግዛት አቅም አላቸው አላለም፤ እናንተም አልጠየቃችሁትም። «ስንት ነው?» ብሎ መልሱን ሰምቶ የጠፋው ሁሉ በእናንተ ዶላር የመጣ እንግዳ ነው፤ ለእሱ መልስ ስትጽፍ የዋለችው ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈላታል። በጎግል የፍለጋ ማስታወቂያ ደግሞ የሚከፈለው በክሊክ ስለሆነ፣ ዋጋውን ርእሱ ላይ አንብቦ «አቅሜ አይደለም» ብሎ ያለፈ ሰው አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ዋጋ መጻፍ ከደግነት በፊት ቁጠባ ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዛል። አዋጁ ሲጻፍ የታሰበው የሱቅ ግድግዳ ነው። የብዙዎቻችን ሱቅ ዛሬ ግድግዳ የለውም፤ ያለው ፔጅ ነው። የኛ ንባብ አጭር ነው፦ ዕቃው ባለበት ዋጋው ይኑር።

ወደ ቁልፉ እንለፍ፤ ይህ የባሰ ነው።

የአገር ውስጥ ካርድ ለሜታም ለጎግልም በዶላር መክፈል ባልቻለባቸው ዓመታት መሃል የሚገባ ሰው ተፈጠረ። ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ ይኖረዋል፤ በብር ይቀበላል፣ በዶላር ይከፍላል። ያለ እሱ ብዙ ንግድ ከመሬት ባልተነሣ ነበርና ምስጋናውን አንነፍገውም። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የማስታወቂያ አካውንቱን በራሱ ስም ከፈተው። ፔጁ ላይ ራሱን አስተዳዳሪ አደረገ፤ አንዳንዱም ባለቤቱን «አንተ ምን ያደርግልሃል» ብሎ አወጣው። የምንዛሬውን ነገር እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በባንክ ተመን ለሚከፍል ያው ክሊክ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በመሃል ሰው የሚከፍለው ግን ድሮም በትይዩ ገበያ ሲቆረጥበት ስለኖረ፣ ምን እንደተለወጠበት እንኳ የሚያይበት ወረቀት አልነበረውም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቆጨን ሌላው ኪሳራ ነው። የማስታወቂያ አካውንት ሲሠራ ይማራል። የትኛው ቃል ደንበኛ እንዳመጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ከተማ፣ የትኛው ፎቶ ሰው እንዳስቆመ እዚያ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ነጋዴውና መሃል ሰውዬው የተጣሉ ዕለት፣ ወይም ሰውዬው ሥራ የለወጠ ዕለት፣ ያ ሁሉ ትምህርት አብሮት ይሄዳል። ነጋዴው በከፈለበት ገንዘብ የተሰበሰበ እውቀት ነው፤ በማግስቱ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ለዚህ የቴክኒክ ሰበብ የለም። በሜታ ባለቤቱ የቢዝነስ አካውንቱን በስሙ ከፍቶ ለባለሙያው የመሥሪያ ፈቃድ ብቻ መስጠት ይችላል። በጎግልም ባለሙያው የራሱን ማኔጀር አካውንት ከደንበኛው አካውንት ጋር ያገናኛል፤ ሲለያዩ ግንኙነቱ ይቋረጣል እንጂ አካውንቱ የትም አይሄድም። በመካከላችን ያሉ ባለሙያዎች ቃል ገብተዋል፦ የደንበኛን አካውንት በራሳችን ስም አንከፍትም። ወር ሲያልቅ ከኩባንያው የወጣውን ደረሰኝ እንዳለ እናሳያለን። የድካማችንን ዋጋ ለብቻው፣ ሳናፍር እንጠይቃለን። ሙያችን የሚያኮራ ከሆነ ምንዛሬ ውስጥ ተሸጉጦ መኖር የለበትም።

በፍለጋ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ትልቅ ተስፋ አለን፤ ነጋዴዎቻችን ግን ከቡስት አልፈው አያዩትም። ታሪኩ ለትንሽ ሰው የሚያበረታታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ የተባለው የቢል ግሮስ ድርጅት የፍለጋ ውጤትን ደረጃ በጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ ብዙ የሰጠ ከላይ ይወጣ ነበር። ጎግል በ2000 አድወርድስን ሲከፍት 350 ገደማ አስተዋዋቂዎች ነበሩት። በ2002 በክሊክ የሚከፈል ጨረታ ሲያስገባ ግን አንድ ነገር ጨመረበት፦ ሰዎች ምን ያህል እንደሚመርጡት ከቀረበው ገንዘብ ጋር አብሮ ይቆጠራል። እስከ ዛሬም ለጥያቄው በትክክል የሚመልስ ማስታወቂያ፣ ብዙ ከፍሎ ከሚያድበሰብሰው በትንሽ ዋጋ በላይ ሊወጣ ይችላል።

ዳላስ ያለች ሙሽራ ለጥር ሠርጓ ቀሚስ ስትፈልግ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። የሚመጣላት ሽሮ ሜዳ ከሸማኔው እጅ ገዝቶ፣ ዋጋውን አብዝቶ፣ ድረ ገጽ የከፈተ ሻጭ ነው። በዚህ ነጋዴ አንቀናም፤ ሠርቶ ነው። ነገር ግን ሸማኔውም ሆነ ሽሮ ሜዳ ያለችው ባለሱቅ የጥለቱን ፎቶ፣ የሚፈጀውን ቀን፣ የመላኪያውን ወጪና ዋጋውን በግልጽ ጽፈው እዚያው ጨረታ ውስጥ የማይገቡበት ምክንያት የለም። ስለ ጥበቡ ከእነሱ በላይ ትክክለኛ መልስ ያለው ማን ነው? በሌላ በኩል የማንገባባቸው ጨረታዎች አሉ። ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ መላክን በሚመለከት ቃላት ላይ ትልልቆቹ የሐዋላ ኩባንያዎች ይጫረታሉ፤ እዚያ መሃል አንድ ትንሽ ድርጅት ብሩን ይዞ ቢገባ የሚያተርፈው ጎግል ብቻ ነው።

በአማርኛ ፍለጋ ደግሞ ገና ማንም ያላረሰው መሬት አለ። «ጸጉር ቤት»ን በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ አለ፣ በፀሐዩ ፀ የሚጽፍ አለ። «የሠርግ አዳራሽ» በንጉሡም በእሳቱም ይፈለጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ የሚጽፈው ብዙ ነው፤ እሱም እንደየጣቱ ይለያያል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ቁልፍ ቃል የመረጠ ነጋዴ ሌሎቹን ደንበኞች በር ላይ ጥሏቸዋል። ቁልፍ ቃል ስንመርጥ የሰዋስው መምህር አንሁን፤ ደንበኛው እንደሚጽፈው እንጻፍ። ስለዚህ በየሙያው የሚፈለጉትን ቃላት ከነአጻጻፋቸው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እየሰበሰብን ለሁሉም በነጻ እናወጣለን። በጾም ወራት ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ለእንቁጣጣሽ ስንት ቀን ሲቀረው ገበያው እንደሚነቃ የትኛውም የውጭ የገበያ መምሪያ አይነግረንም። የኛ ወቅት በእኛ ካሌንደር ነው።

ማሽኑ በራሱ ከተተወ ለራሱ ያደላል። ጎግል ላይ «አዲስ አበባ» ብላችሁ ስትመርጡ፣ ካልነካችሁት በቀር ማስታወቂያው ከተማዋ ውስጥ ላሉት ብቻ ሳይሆን ስለ ከተማዋ ፍላጎት ላሳዩት ጭምር ይወጣል። ለሽሮ ሜዳዋ ባለሱቅ ይህ ሲሳይ ነው፤ ለመገናኛው ስልክ ጠጋኝ ፍራንክፈርት ላለ ሰው መክፈል ነው። የቀን በጀታችሁም በአንድ ቀን እስከ እጥፍ ሊወጣ ይችላል፣ ሒሳቡ የሚስተካከለው በወሩ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ካርዱን የሞላ ነጋዴ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል። የሰዓቱ ነገር ደግሞ ያስቃል። «ከ2 እስከ 12 ሰዓት ይውጣልኝ» ብሎ በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ማስታወቂያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይሠራለታል፤ ሱቁ ተዘግቶ ደንበኛ ይጠራል።

ስለ ላይክ ረጅም አንናገርም። ላይክ ይዞ ባንክ የሄደ የለም። የተገዛ ፎሎወር ዕቃ አይገዛም፤ ይልቁንም ሥርዓቱ ደንበኛችሁ ማን እንደሆነ እንዳይለይ ያደናግረዋል። እኛ የምንቆጥረው ስንት ሰው እንደገዛ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደመጣና አንድ ገዢ በስንት ብር እንደተገኘ ነው።

የማንሠራቸው ሥራዎች አሉ። ፈቃዱን ላላሳየን የዓረብ አገር ሥራ ደላላ ማስታወቂያ አንሠራም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ በሚያምር ፎቶና በ«አስቸኳይ» ቃል የምትጠራው ልጅ የማን እህት እንደሆነች እኛ እናውቃለን። ቆዳ ያነጣል፣ ስኳር በሽታን ከሥሩ ይነቅላል ለሚል ቅባትና ዱቄትም አንሠራም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል፤ ባይከለክልም አንሠራውም ነበር። ለቲክቶከር ከፍለን ምግባችንን ካስወደስን «በክፍያ የተሠራ ነው» ብሎ እንዲናገር እንጠይቀዋለን። የደንበኞቻችንን ስልክ ቁጥር ሳንጠይቃቸው ወደ ማስታወቂያ ሥርዓት አንጭንም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። ከዚህ ሁሉ የተነሣ የምናጣው ገንዘብ ትንሽ አይደለም።

ከኩባንያዎቹም የምንጠይቀው አለ። የሜታ ገቢ ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ከማስታወቂያ ነው፤ የጎግልም አብዛኛው። የሚሸጡት የእኛን እይታ ነውና፣ በብር የምንከፍልበትን መንገድ፣ አማርኛ የሚያነብ ገምጋሚና አካውንት ሲታገድ የሚመልስ ሰው ይስጡን። ባንኮቻችን በበኩላቸው ለማስታወቂያ ብቻ የሚሆን፣ ጣሪያ ያለው የዶላር ካርድ ለትንሽ ነጋዴ ይክፈቱ። መንግሥትም አንድ ነገር ይወቅ። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. አንስቶ እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ሲቆዩ፣ ፔጅ ብቻ የነበረው ነጋዴ ሱቁ ታሸገበት። ደንበኛው በቪፒኤን ሲገባ ደግሞ ስልኩ ሌላ አገር ያለ እየመሰለ ማስታወቂያው ወዴት እንደሚሄድ ተምታታ። ስለ ገበያ ሲነገረን እነዚያ ወራትም ይቆጠሩ።

ያን ጊዜ የተማርነውን ወደ ሥራ እየለወጥን ነው። ፔጅ የኪራይ ቤት ነው። ከኪራዩ ጎን እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ የሆነ ነገር እንዲኖረው እንፈልጋለን፦ አንዲት ገጽ ብቻ ብትሆንም በስሙ የተመዘገበች ድረ ገጽ፣ ፈቅደው የተመዘገቡ ደንበኞች ዝርዝር፣ አድራሻውና የሥራ ሰዓቱ በትክክል የተሞላበት የጎግል ካርታ። የመጨረሻው በነጻ ነው፤ አንድ ዶላር ቡስት ከማድረጋችሁ በፊት እሱን ሙሉ።

ወደ እኛ ለመምጣት መዋጮም ፎርምም የለም። ዛሬ ማታ ሱቁን ከዘጋችሁ በኋላ የፔጃችሁን ሴቲንግ ክፈቱና የአስተዳዳሪዎቹን ስም አንብቡ። የእናንተ ስም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ከሌለ፣ ነገ ጠዋት የምትደውሉለትን ሰው ታውቁታላችሁ። በትሕትና ደውሉለት፤ አካውንቱን በስማችሁ እንዲያዞርና ያለፈውን ሦስት ወር ደረሰኝ እንዲልክ ጠይቁት። ከዚያ የመጨረሻ ፖስታችሁ ሥር ግቡና «ስንት ነው?» ያላችሁን የመጀመሪያውን ሰው በኮመንቱ ሥር፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በቁጥር መልሱለት።