ያረጀው ደወል ወደ ሚዛን ከመሄዱ በፊት



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦኖ ውኃ፣ ስለ ቦይ ጽዳትና ስለ እድር መዋጮ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምናነሳውን ግን አንዳንዱ ሰው ሲያነበው «እንዴ! ይኸም ጉዳይ ሆኖ ተጻፈ?» ሳይል አይቀርም። ጉዳዩ በየጓሮው፣ በየትምህርት ቤቱ ዛፍ ላይና በየእድሩ ሣጥን ውስጥ ስላለው አሮጌ ደወል፣ ቸርኬና ጡሩምባ ነው።

ያነሳነው በከንቱ አይደለም። በቅርቡ በሠፈራችን ሌሊት ላይ እሳት ተነስቶ ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ ስልኩም ኔትዎርክ የለውም። አንድ ጎረቤታችን ቸርኬው ወደሚሰቀልበት ዛፍ ሮጦ ቢደርስ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘው። ለካስ ቸርኬው ከሁለት ሳምንት በፊት በኪሎ ተመዝኖ ተሽጧል። ሻጩ ክፋት አስቦ አልነበረም፤ «የዛገ ብረት ምን ይሠራል» ብሎ ነው። እሪታው ተሰምቶ፣ ሰው ነቅቶ፣ ባልዲ ተፈልጎ እስኪደረስ ድረስ ጎተራው ከነእህሉ አመድ ሆነ። ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው፤ ያ ቤተሰብ ግን እስከ መጪው መኸር በሰው እጅ ሊያድር ነው። በሻጩ ላይ ከመፍረዳችን በፊት እኛም ራሳችን ተጠያቂዎች መሆናችንን እንናገር፤ ቸርኬው የማን ነው ቢባል ማኅበራችን በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም ነበር።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ድምፅ ለይቶ ያውቅ ነበር። አዋጅ ሲኖር በገበያ ነጋሪት ይጎሰማል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ ይነሳና ከጉብታ ላይ ሆኖ ይነፋል፤ እናቶችም ድምፁን ሰምተው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። አንበጣ ሲመጣ ጣሳና ቆርቆሮ ይደበደባል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን በተሻገረበት ዕለት በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ትልቁ ነጋሪት ተመቶ የክተት አዋጅ ታውጇል። ያን ጊዜ የአገሩ ሳይረን ነጋሪት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ከሰማይ ለሚመጣ ነገር ግን ምልክት አልነበረንም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጨጨሆ ወዲያ፣ በዘቢጥ በኩል በአንቺም ሜዳ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌና የማዕከላዊው መንግሥት ጦር በተጋጠሙ ጊዜ አውሮፕላን በመጀመሪያ የአዋጅና የግዝት ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። አውሮፕላን በአገራችን ጦርነት ላይ ሲውል የመጀመሪያው ነበርና ወታደሩም ገበሬውም ቀና ብሎ ከማየት በቀር ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም ነበር።

ሳይረን የሚባለው መሣሪያ በሌላው ዓለም የተስፋፋው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስሙን ያወጣለት ካኛር ደ ላ ቱር የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር 1819 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ያለው ከበሮ መሰል ብረት ሲዞር አየሩን እየቆራረጠ ይለቀዋል። 10 ቀዳዳ ያለው በሴኮንድ 40 ጊዜ ቢዞር አየሩ 400 ጊዜ ይቆረጣል፤ ጆሯችን የሚሰማው ጩኸት ያ ነው። በእጅ የሚዞር ትንሽም አለ። በአሜሪካ ደግሞ ክራይስለር የተባለው የመኪና ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 የሠራው 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የመኪና ሞተር ተገጥሞለት ነበር። ዛሬ በዚያ አገር እነዚህን አሮጌ ሳይረኖች ከየጣሪያው አውርደው፣ ዝገታቸውን ጠርገው፣ የፋብሪካውን ሰሌዳ አንብበውና ቀዳዳ ቆጥረው የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። «ሥራ የፈታ ሰው» እንዳንል፤ እነዚያ ሰዎች የነበራቸውን ለይተው አውቀዋል። እኛ በእጃችን ያለውን አናውቅም።

ስለዚህ ማኅበራችን በሠፈሩ ያለውን የማስጠንቀቂያ ዕቃ ሁሉ ሊመዘግብ ወስኗል። ዕቃውን ማንም ከቦታው እንዲያነሳ አንጠይቅም፤ እኛ እየዞርን እናያለን። ባለቤቱ ቀደም ብሎ የሚከተለውን ቢመለከትልን ሥራው ይቀልልናል።

ደወሉ የድንጋይ ከሆነ ከየት ተራራ እንደመጣ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ሁሉም ድንጋይ አይጮኽም፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ጥቅጥቅ ያለና ስንጥቅ የሌለበት ነው እንደ ብረት የሚያስተጋባው። የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ዱብ ብሎ ይቀራል። የነሐስ ከሆነ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ የተሠራበት ዓመትና አገር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል። በአሸዋ የፈተገ ሰው ታሪኩን አብሮ ይፍቃል። ቸርኬ ከሆነ የብሎኑን ቀዳዳ ቁጠሩ፤ የተቀረጸ ፊደል ካለበትም ገልብጡት። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የወረታ - ወልድያን መንገድ ሲሠሩ፣ ከዚያም ወዲህ የጭነት መኪና ሲመላለስበት፣ ስንት ቸርኬ ለትምህርት ቤት ደወልነት እንደቀረ መንገዱ ቢናገር ይነግረን ነበር። (አንድ ወዳጃችን ደወሉ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ሲቀለጥ ከተረፈው ብረት የተሠራ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ማስረጃ ያምጣና እንይ!)

አሁን የምንለውን ደግሞ ልጆች ሁሉ ይስሙ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫን ከነካ በኋላ ከሜዳም ከቦይም የተለያየ ብረት ተገኝቷል። ባዶ ቀለህ ወይም የከባድ መሣሪያ ቅርፊት ሰቅሎ እንደ ደወል መምታት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ባዶ መሆኑን ግን በዓይን አይቶ መፍረድ የሚችለው ባለሙያ ብቻ ነው። ጫፉ የተደፈነ፣ ክንፍ የመሰለ ጅራት ያለው ወይም ከፊሉ መሬት የገባ ብረት ያየ ሰው አይንካ፣ አይቆፍር፣ ድንጋይም አይወርውር። በመጣበት መንገድ ይመለስ፤ ከሩቅ ምልክት ያድርግና ለቀበሌ ያሳውቅ። ቁራሌው ስንት ቢከፍልም ለመዝገባችን ስንል የልጅ እጅ እንዲቆረጥ አንፈልግም። ቀድሞ ተሰቅሎ ያለውም ቢሆን ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አይመታ።

በስብሰባችን ላይ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዳንዶች «ድሮም ሁለት ጥይት ወደ ላይ ተተኩሶ ሰው ይሰበሰባል፤ ደወል ምን ያደርጋል» ብለዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። ዛሬ ሌሊት ተኩስ የሰማ ሰው ባልዲ ይዞ አይወጣም፤ በሩን ዘግቶ ልጆቹን ወለል ላይ ያስተኛል። ጥይት ምን እንደሆነ አይናገርም። ቸርኬ ግን ያለማቋረጥ ሲመታ እሳት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እያረፈ ሲመታ ጎርፍ ወይም የጠፋ ሰው፣ ረጅም ጡሩምባ እንደወትሮው ሞት ነው ብለን ብንስማማ ሕፃኑም ይለየዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል የአገልግሎት ነውና ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አንነካውም፤ የመስጊዱንም ድምፅ ማጉያ እንዲሁ። ሁለቱንም ሄደን እናነጋግራለን።

የሚሰቀልበትን ቦታ በሚመለከት ሽማግሌዎቻችን የነገሩንን ችላ ማለት አይገባም። ከተማችን ከ3000 ሜትር በላይ ያለች፣ ስሟም ነፋስ መውጫ ነው። ድምፅ ከነፋሱ ጋር ሲሄድ ወደ መሬት ጎንበስ ይላል፤ ነፋሱን ተቃውሞ ሲሄድ ወደ ላይ ይነሳና ከሰው ጆሮ በላይ ያልፋል። ጸጥ ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት ሩቅ የሚሰማው ደወል፣ ነፋስ በበዛበት ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ ላይሰማ ይችላል። እንግዲያው አንድ ቸርኬ አይበቃንም፤ በሠፈሩ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ሁለት ያስፈልገናል። በፈረንሳይ አገር በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሳይረን ይሞከራል። እኛም በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ፣ በስድስት ሰዓት ብንሞክር መልካም ይመስለናል።

ምዝገባው በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በላይኛው መንደር ይጀመራል። ከስማዳም ከእስቴም መጥታችሁ አብራችሁን የምትኖሩ፣ በአገራችሁ ለጎርፍና ለእሳት ምን ይመታ እንደነበር የምታውቁ፣ እባካችሁ ለጸሐፊው ንገሩልን። የተሸጠውን ቸርኬ የገዛው ሰውም ይህን ካነበበ፣ ገና ካላቀለጠው፣ በገዛበት ዋጋ መልሰን እንወስደዋለን። ገንዘቡ ከማኅበሩ ሣጥን ወጥቶ ተቀምጧል፤ ሽቦው ግን ዝጓልና አዲስ ሰንሰለት ያለው ሰው ቢያውሰን ደስ ይለናል።