የልብስ ማድረቂያው ይላክ ወይስ ይቅር?

በዚህ ወር «የቤታችን ጉዳይ» ዓምድ የምንነጋገርበትን ርዕስ የሰጡን ከነገሌ ቦረና የጻፉልን አንዲት እናት ናቸው።

ደብዳቤያቸው ባጭሩ ይህን ይላል። የስምንት ሰው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ልብሱ ሁሉ የሚታጠበው በእጅ ነው። ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጃቸው ሰሞኑን ደውላ፣ «ኡሚ፣ እዚህ የምሠራበት ቤት ልብስ የሚያደርቅ ማሽን አለ፤ ሂት ፓምፕ ይሉታል፤ መብራት አይበላም። የአራት ወር ደመወዜን አጠራቅሜ ልላክልሽ» አለቻቸው። እናት ደስም አላቸው፣ ሰጉም። «እጄ ልብስ ጨምቆ ጨምቆ ዝሏል፤ ማታ ጀበና አንሥቼ መቅዳት እንኳ ያቅተኛል። በሚያዝያ ዝናብ ደግሞ የልጅ ልጄ ጨርቅ አልደርቅ ይለኛል። ታዲያ ላኪው ልበላት ወይስ ተዪው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከነገሌ እስከ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ ልጃቸው ባሕር ተሻግሮ የሚሠራ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች አንድ ዕቃ መላክ ማለት የብዙ ወር ላብ መላክ ነው። ስለዚህ መልሱን ቸኩለን «ይቅር» ወይም «ይምጣ» ሳንል ከሥሩ እንየው።

ለመሆኑ ሂት ፓምፕ ምንድን ነው?

ተራው የልብስ ማድረቂያ በሆዱ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ሽቦ አለው። የጋለው አየር በሚሽከረከረው በርሜል ውስጥ ባለው ልብስ መካከል ያልፍና እርጥበቱን ይዞ ይወጣል፤ ብዙ መብራት የፈጀው ሙቀትም አብሮት ይባክናል።

ባለ ሂት ፓምፑ ግን የፍሪጅ ወንድም ነው። ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት በጋዝና በኮምፕረሰር እየቀዳ በጀርባው እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ይህም ማሽን አንዱ ቱቦው ቀዝቃዛ፣ ሌላው ሙቅ ነው። ከልብሱ የመጣው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ሲነካ፣ ውሃው በብርድ ጠዋት መስኮት ላይ እንደሚታየው ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠብና ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። የደረቀው አየር በሙቁ ቱቦ አልፎ እንደገና ወደ ልብሱ ይመለሳል። ያው አንድ ሙቀት ተመላልሶ ይሠራል ማለት ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። አንድ ሊትር ውሃ በሙቀት ለማትነን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በማሽን ተሽከርክሮ በደንብ የተጨመቀ ስምንት ኪሎ ልብስ ከአራት እስከ አምስት ሊትር ውሃ በውስጡ ይዞ ይቀራል። ተራው ማድረቂያ ይህን ለማድረቅ ከአራት እስከ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ባለ ሂት ፓምፑ ሁለት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ይህም የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚበላው ነው። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነም ልብስ ቶሎ አይጎዳም። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስድበታል።

ማሽኑ ለቤት አገልግሎት ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ያወጣው የጀርመኑ ኤኢጂ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኃይል የሚያባክኑ ማድረቂያዎች እንዳይሸጡ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ባወጣው ደንብ አዲስ የሚሸጠው በተግባር ባለ ሂት ፓምፑ ብቻ እንዲሆን አድርጓል። እንግዲህ ልጅቱ «መብራት አይበላም» ያለችው ከተራው ጋር ሲነጻጸር ልክ ነው። ማድረቂያ መግዛት የግድ ለሆነበት ሰው ከሁለቱ የሚመረጠውም ይኸው ነው።

ነገሌ ግን ጅዳ አይደለችም

በነገሌና በአካባቢዋ ቆላማ ከተሞች ዋናው ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው በቦረናና በጉጂ «ገና» የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው፣ ሁለተኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጥለው «ሐገያ» ነው። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ በጭቃና በደመና ተይዛ ልብስ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሦስት ቀን ሰንብቶ ሲሸት፣ ነገሌ ደረቅና ነፋሻማ ናት። ከፈጅር በኋላ ታጥቦ የተሰጣ ስስ ልብስ በበጋ ዙህር ሳይደርስ ይደርቃል። ይህን ሥራ ፀሐይና ነፋስ ያለ ቆጣሪ ይሠሩልናል።

በአንጻሩ የሚከብደን ውሃው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በቦረና ከብት ባለቀበት ጊዜ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ያላየ የለም። በእኛ አገር የልብስ አጠባ ድካም ውሃ ከማምጣት ይጀምራል፤ በማሸት፣ በማለቅለቅና በመጭመቅ ይቀጥላል። ገመድ ላይ ከተሰጣ በኋላ ያለው ሥራ ቀላሉ ነው።

አሁን የእናታችንን ደብዳቤ መልሰን እናንብበው። እጃቸውን ያዛለው ማስጣቱ ነው ወይስ መጭመቁ? መጭመቁ ነው። ማድረቂያ ማሽን ደግሞ ልብስ አያጥብም፣ አይጨምቅምም። ይባስ ብሎ ውሃው የሚንጠባጠብ ልብስ እንዳይገባበት ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ያስጠነቅቃል። በእጅ የተጨመቀ ብርድ ልብስ፣ ጀለቢያ ወይም ሽርጥ በማሽን ተሽከርክሮ ከተጨመቀው እጥፍ ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ ሰዓቱም ፍጆታውም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንግዲህ ማድረቂያው ብቻውን ቢመጣ እናታችን ለማሽኑ ብለው ይብስ አጥብቀው ሊጨምቁ ነው። የልጅቱ የአራት ወር ደመወዝ የእናቷን እጅ ሳያሳርፍ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለዚህ ቤት የሚስማማው ባለ ሁለት ገንዳው የልብስ ማጠቢያ ነው። በአንደኛው ገንዳ ያጥባል፤ በሁለተኛው ጠባብ ገንዳ በኃይል አሽከርክሮ ይጨምቃል። የቧንቧ ግፊት አይጠይቅም፤ ውሃው በባልዲ ወይም በጀሪካን ይጨመርበታል። ነጩ ልብስ የታጠበበትን የሳሙና ውሃ ለባለ ቀለሙ፣ ከዚያም ለመሬት መወልወያው ማዋል ይቻላል። ውሃ በሚቸግርበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃን አሽከርክሮ ማስወጣት በሙቀት ከማትነን እጅግ ያነሰ መብራት ይፈልጋል፤ የመጭመቂያው ሥራም የጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ የወጣ ልብስ ደመና በሆነበት ቀን እንኳ ነፋስ ካገኘ ቶሎ ይደርቃል። ዋጋው ከባለ ሂት ፓምፑ ማድረቂያ በብዙ ያንሳል። አዋሳ ወይም አዲስ አበባ ስለሚገኝም ባሕር ማሻገር አያስፈልግም።

የልጅ ልጅ ጨርቅስ? ከጣሪያው ክዳን ሥር፣ ነፋስ በሁለት ወገን በሚያልፍበት በረንዳ ላይ ሁለት ገመድ ይወጠርለት። ጨርቁ አይደራረብ፤ በመካከሉ የእጅ መዳፍ ያህል ክፍተት ይተውለት። ባለ ቀለም ልብስ ፀሐይ እንዳያነጣው ተገልብጦ ይሰጣ፤ የቀይ አፈሩ አቧራ ከሰዓት በኋላ ሳይነሣም ይሰብሰብ። በእሾህ አጥር ላይ ማስጣትን ልብስ ስለሚበሳ እንተወው። ገመድ ማሰሩንና ልብስ መሰብሰቡን ደግሞ ወንዶች ልጆች ቢይዙት የቤቱ ሸክም ይከፈላል።

ስለ መብራቱ

ባለ 254 ሜጋዋቱ የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ በእኛው ወንዝ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ግድቡ ቅርብ ስለሆነ ብቻ በየቤቱ ያለው መብራት አይቆራረጥም ማለት አይደለም። ማድረቂያው በሁለተኛው ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ ልብሱ ሞቆና ረጥቦ በበርሜሉ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ኮምፕረሰር ያለው ዕቃ ሁሉ ደግሞ ከፍና ዝቅ የሚል መብራት ይጎዳዋል። የቤት መብራት ታሪፍም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ሆኖ የተሠራ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተጀመረው ጭማሪም በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ነው። በሳምንት አራት ዙር የሚያደርቅ ቤት በወር ከ30 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይጨምርበታል፤ አንድ ትንሽ ፍሪጅ እንደ መጨመር ቁጠሩት።

ከጅዳ ለሚላክ ዕቃ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሳውዲ ዐረቢያ መብራት 60 ኸርዝ ሲሆን የኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ «60» ብቻ ካለ ሞተሩና ኮምፕረሰሩ ለኛ መብራት አልተሠሩም፤ ስታቢላይዘርም ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም። «50/60» የሚል ከሆነ ይሆናል። እኔ በማውቀው አንድ ቤት ይህ ሳይታይ የመጣ ማሽን ዛሬ የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል። ለላከችው ልጅ ግን ይህን የነገራት የለም።

ለማን ይጠቅማል?

ማሽኑን እያወገዝን አይደለም። በሎንዶን ወይም በሚኒሶታ ክረምቱን ቤት ተዘግቶበት ለሚኖር ቤተሰብ ባለ ሂት ፓምፑ ከተራው ይመረጣል፤ ብዙ ልብስ የሚያደርቅ ከሆነ የዋጋውን ልዩነት ከመብራቱ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ማስጫ በሌለው ፎቅ ላይ ሕፃናት የሚያሳድግ፣ ወይም አንሶላው በየቀኑ የሚቀየር አልጋ የያዘ በሽተኛ የሚያስታምም ቤትም አቅሙ ካለው ይጠቀምበታል፤ የሚጨምቅ ማጠቢያ ግን ይቅደም። ዶሎ ኦዶን በመሰለ ሞቃት ከተማ ሌላ ችግር አለ። አብዛኞቹ ማሽኖች ከ35 ዲግሪ በላይ በሞቀ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ አልታሰቡም፤ ሙቀቱን ሰብስቦ የሚያወጣበት ቀዝቃዛ አየር ሲያጣ ኮምፕረሰሩ ይጨነቃል።

ዕቃው ቀድሞ ተልኮ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ ማሽኑ እንደ ፍሪጅ ቆሞ ይጓዝ። ከወረደም በኋላ መመሪያው የሚለውን ያህል ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። ስታቢላይዘር ይደረግለት። የልብስ ብናኝ የሚይዘው ማጣሪያ በየዙሩ ይጽዳ፤ በኛ አቧራ ይህን የረሳ ማሽኑን ያፍነዋል። ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ውሃ ለአትክልትና ለመሬት ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን አይሆንም።

እናታችን ሆይ፣ ልጅዎ ስትደውል «ተዪው» ብቻ ብለው ዝም አይበሉ፤ ስጦታዋን የገፉባት ይመስላታል። «እጄን የሚያሳርፈኝ የሚጨምቀው ነው፤ እሱን እዚሁ እንገዛለን፤ የተረፈውን በራስሽ ስም አስቀምጪው» ይበሏት። ወደ ቤቷ የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ያ ገንዘብ መነሻ ይሆናታል፤ ልብሱን ደግሞ የነገሌ ፀሐይ ያደርቀዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።