ኤአይ ከመምረጣችን በፊት፦ የምንሰጠው ወረቀት የማን ነው?



ሰሞኑን ወደ መስጂዳችን ቢሮ ብቅ የሚሉ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። «ለኮምፒውተር ሥራ የትኛው ኤአይ ይሻላል? ቻትጂፒቲ ነው፣ ጀሚናይ ነው፣ ክሎድ ነው ወይስ ኮፓይለት?» ይሉናል። እኛ ኪታብ ስንቀራ ያደግን እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደለንም። ሆኖም የመስጂዱን ደብዳቤና መዝገብ የምንሠራው በኮምፒውተር ስለሆነ፣ ከደረሰብን ነገር ተነስተን የምንለው አለን።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ረመዳን ነው። የዘካ ተቀባዮች ዝርዝር በእጅ በተጻፈ መዝገብ ላይ ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የልጆች ብዛት፣ ከጎኑም «ባሏ የሞተባት»፣ «ኩላሊት ታማሚ» የሚል ማስታወሻ። አንድ ታታሪ ወንድማችን «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ገጾቹን በስልኩ ፎቶ አነሳና ለኤአይ ሰጠው። ሁለት ሌሊት ይፈጅብን የነበረው ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ የተስተካከለ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሆኖ ወጣ። ሁላችንም ማሻአላህ አልን።

ያላወቅነው ነገር ነበር። ወንድማችን የሚጠቀምበት አካውንት ከጓደኞቹ ጋር ተዋጥተው የገዙት ነው። በዶላር መክፈል ስለሚከብድ እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ነው። ከጓደኞቹ አንዱ አካውንቱን ሲከፍት ዝርዝሩን ሒስትሪው ላይ አገኘው፤ ከስሞቹ መሐልም የጎረቤቱን እናት አየ። ክፉ አስቦ ባይሆንም ቤቱ ገብቶ አወራ፣ ወሬውም ሰፈሩን አዳረሰ። እኚያ እናት ዘካ እንደሚቀበሉ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ነግረው አያውቁም ነበር።

ኢማማችን ነገሩን ሲሰሙ ልጁን አልተቆጡም። ወደ እኛ ዞረው «መዝገቡን የሰጠው ማን ነው?» አሉ። የሰጠነው እኛ ነበርን። ቤታቸው ድረስ ሄደን «አውፍ ይበሉን» አልናቸው። «የእኔስ ይሁን፣ ልጄ ትምህርት ቤት እንዳይሰማው ብቻ» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ስለዚህ «የትኛው ኤአይ ጎበዝ ነው?» ከማለታችን በፊት «የምሰጠው ወረቀት የማን ነው?» እንበል። ወረቀቱ የራሳችን ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው። የሌላ ሰው ከሆነ ግን አማና ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አሳልፈን አንሰጠውም።

«የእኛ ሰፈር ዝርዝር ውጭ አገር ላለ ኩባንያ ምን ይፈይድለታል?» የሚሉን አሉ። እኛን የጎዳን ውጭ አገር ያለ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ነው። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ነገሩን አቅልለው አያዩትም። በ2023 እ.ኤ.አ. የሳምሰንግ ሠራተኞች የድርጅታቸውን የውስጥ ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ማስገባታቸው ሲታወቅ፣ ሳምሰንግ ሠራተኞቹ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በሥራ ኮምፒውተር ላይ እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ጉግልም ስለ ጀሚናይ ባወጣው ማሳሰቢያ፣ የተወሰኑ ንግግሮችን ሰዎች ሊያነቧቸው ስለሚችሉ ሚስጥር አታስገቡ ይላል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ እንደፈለጉ የሚበተን ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። እነዚህ ረዳቶች ወደ ኮምፒውተራችን የሚመጡት በሦስት መልክ ነው።

አንደኛው በብራውዘር የምንከፍተው ነው። የሚያየው የጻፍንለትንና የጫንንለትን ነው፤ የሰጠነው ግን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ለማመልከቻ ደብዳቤ፣ ለሲቪ፣ ለማስታወቂያ፣ እንግሊዝኛ ለማረም፣ የኤክሴል ፎርሙላ ለመማር ይህ ይበቃል። ለአብዛኞቻችን ነጻው አገልግሎት ራሱ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ፋይል የሚከፍት፣ ስክሪን የሚያይ፣ አንዳንዱም በእኛ ፈንታ የሚጫን ነው። ሥራ ያቀላል፤ የሚጠይቀው ፈቃድ ግን ከባድ ነው። ማይክሮሶፍት በ2024 እ.ኤ.አ. ሪኮል የተባለ፣ የስክሪናችንን ፎቶ በየጥቂት ሴኮንዱ እያነሳ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ሲያስተዋውቅ ትልቅ ተቃውሞ ገጠመው። በኋላም አዘግይቶ፣ ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ እንዳይሠራ አደረገው። እንዲህ ያለውን መጠቀም የፈለገ አንድ ፎልደር ለይቶ እሱን ብቻ ይፍቀድለት። ብዙ ሰው በሚገለገልበት የቢሮ ወይም የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ባይጭነው እንመክራለን።

ሦስተኛው እዚያው ኮምፒውተራችን ላይ የሚሠራው ነው። ኦላማ እና ኤልኤም ስቱዲዮ የተባሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ሞዴሉ ጥቂት ጊጋባይት ነው፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የምንጽፍለትም ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ጉድለቱን አንደብቅም። ራሙ ትንሽ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ይንቀረፈፋል፤ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖር ይመረጣል። ትንንሾቹ ሞዴሎች ደግሞ አማርኛቸው ደካማ ነው።

የትኛውንም ብንመርጥ እነዚህን እንያዝ፦

1. አካውንቱ የራሳችን ይሁን። ከሰው ጋር ተዋጥቶ ከተገዛ ወይም በቴሌግራም ከተሸጠ «ፕሪሚየም» ይልቅ የራሳችን ነጻ አካውንት ይሻላል።

2. ሴቲንጉን ገብተን እንይ። ንግግራችን ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል መዝጋት የሚቻልበት ቦታ በአብዛኞቹ ላይ አለ።

3. ስም አንስጥ። የሠንጠረዥ ሥራ ከሆነ «ስም 1፣ ስም 2» ብለን የሐሰት መረጃ ሞልተን ፎርሙላውን እንጠይቀው፤ እውነተኛውን ስም ራሳችን በኤክሴል እንሙላ። ወንድማችን ይህን ቢያውቅ ኖሮ እኚያ እናት ባልተጎዱ ነበር።

4. የሰጠንን እናመሳክር። ያንን ያማረ ሠንጠረዥ ከመዝገቡ ጋር ስናስተያየው የአንድ ቤተሰብ ስልክ ተሳስቷል፣ አንድ ቤተሰብ ደግሞ ጭራሽ ተዘሏል። ባናይ ኖሮ ሐቃቸው ይቀር ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ፍርድ የሚፈጥር ሐዲስም ይፈጥራል። መድረሳ ውስጥ ሐዲስ ስንማር ሰነዱ ከማን እንደመጣ ሳንጠይቅ አናልፍም ነበር፤ ከኤአይ የመጣውንም ምንጩን ከፍተን ሳናይ አናጋራው።

5. በአማርኛ እንሞክረው። አንድ እውነተኛ ሥራችንን፣ ሚስጥር የሌለበትን፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ረዳቶች ሰጥተን እናወዳድር። ለጓደኛችን የተስማማው ለእኛ ሥራ ላይስማማ ይችላል።

ኤአይ አትጠቀሙ እያልን አይደለም። ይህ ወንድማችን ዛሬም የቢሯችንን ኮምፒውተር የሚሠራው እሱ ነው፤ ደብዳቤና ማስታወቂያ በኤአይ ያዘጋጃል። የዘካ፣ የኒካሕና የሽምግልና መዝገብ ግን እንዳይገባ ተስማምተናል። ረዘም ያለ ጊዜ ቢወስድብንም እነሱን በእጃችን እንጽፋቸዋለን።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች የሰው ስም በእጃችሁ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ የኤአይ ሒስትሪያችሁን ክፈቱና የማን ስም እንዳለበት እዩ። መኖር የሌለበት ካገኛችሁ አጥፉት፤ አካውንቱን ለሌላ ሰው አጋርታችሁ ከሆነም ፓስዎርዱን ዛሬውኑ ቀይሩ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።