የሚዛንና የብዕር ጾም

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚህ ወራት ሥጋ፥ ወተትና ቅቤ ከየምእመኑ ማዕድ እንደሚርቁ የማያውቅ የለም፤ ሚዛኑና ብዕሩም ይጾሙ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን አልዘነጋችም። ሦስተኛው እሑድ ምኵራብ ተብሎ፥ ጌታ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ከመቅደስ ማስወጣቱ ይነበብበታል። ስድስተኛው ገብር ኄር፥ በተሰጠው መክሊት ነግዶ ያተረፈው አገልጋይ የሚመሰገንበት ነው። ሰባተኛው ደግሞ በሌሊት ሊማር በመጣው በአይሁድ አለቃ በኒቆዲሞስ ስም ይጠራል። እንግዲህ ንግድም ሹመትም በራሳቸው አልተነቀፉም።

ይሁን እንጂ የምስርና የሽንብራ ፈላጊ በጾም ሲበዛ፥ ነጋዴው እህሉን በመጋዘን ቆልፎ የባሰ ውድነት የሚጠብቅ ከሆነ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ መዋሉ ምን ይረባዋል? ሹሙስ ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» እያለ ሲያመላልስ፥ ጾመኛ ነኝና ደክሞኛል ማለቱ ምክንያት ይሆነዋልን? ያ ባለጉዳይም እኮ ጾመኛ ነው፤ የመጣውም ብዙ ጊዜ በእግሩ ነው።

ሕፃናት ከሰባት ዓመት ጀምሮ ጾምን እንዲለምዱ የቆየ ሥርዐት አለ። ለሕፃን እስከ ቀትር መታገሥ ትልቅ ገድል ነውና ሊመሰገንበት እንጂ ሊዘለፍበት አይገባም። እናቱ ከምሳው ከፍላ ለደጅ ነዳይ በገዛ እጁ ስታሰጠው፥ የጾም ትርጓሜ ያለ ስብከት ይገባዋል። ከዚያም ወደ አባቱ ሱቅ ሄዶ በጥግ ይቀመጣል፤ ሚዛኑንም ያያል። በሆሣዕና ዕለት የዘንባባ ቀለበት በጣቱ አድርጎ ከአባቱ ጋራ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ይኸው ልጅ ነው።