የዒድ ካርድ ከሦስት ወረቀት



ዒድ ሲቃረብ በየቤቱ ሒሳብ ይጀመራል። የልጆች ልብስ፣ ሥጋው፣ ዘይቱ፣ ቡናው... ስጦታ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ይቀራል። የሚያሳዝነው ግን ከስጦታው ጋር ዚያራውም አብሮ መቅረቱ ነው። «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» በሚል እፍረት ከአክስቱ ወይም ቁርኣን ካስቀራው ኡስታዝ ደጅ የሚርቅ ወጣት ጥቂት አይደለም። ዝምድናን መቀጠል በዲናችን ያለውን ቦታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ሴቶች ለጎረቤት የሚሰጥን ነገር፣ የበግ ሸኾና ቢሆን እንኳ፣ እንዳይንቁ መክረዋል። ወረቀትም አይናቅም።

ስለዚህ በዚህ ወር ቤት ውስጥ ስለሚሠራ የዒድ ካርድ እንነጋገራለን። ሙያው ለሰፈራችን ልጆች እንግዳ አይደለም፤ በየመስከረሙ አበባ ስለው በየቤቱ የሚያዞሩትን ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

ለሁለት ካርድና ለሁለት ፖስታ ሦስት ተራ የጽሕፈት ወረቀት (ኤ-4 የሚባለው፣ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር) ይበቃል። አንዱን ወረቀት መሐል ለመሐል ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ግማሽ ብታጥፉት 10.5 በ14.8 የሆነ ካርድ ይወጣችኋል። ወረቀቱ ሳሳ ካለባችሁ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ፈልጉ፤ ጀርባው ነጭ ከሆነ ከገበያው ካርድ አያንስም። ከቀሩት ሁለት ወረቀቶች ከእያንዳንዳቸው ጎኑ 21 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ። ካርዱን መሐሉ ላይ አስቀምጡና የካርዱ ጎኖች ወደ ወረቀቱ ማዕዘኖች እንዲያዩ አድርጋችሁ አዙሩት። የግራና የቀኙን ማዕዘን ወደ ውስጥ እጠፉ፤ መሐል ላይ ሊገናኙ ይደርሳሉ። የታችኛውን በላያቸው ላይ አጥፋችሁ አጣብቁ። የላይኛው ክዳን ነው። ስታጥፉ ከካርዱ ጠርዝ ጥቂት ራቅ በሉ፣ አለበለዚያ ካርዱ ሲወጣ ይቀደዳል።

ሙጫ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና በዝግታ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉት። ሲቀዘቅዝ በስሱ ቀቡ። ካደረ ይሻግታልና የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ።

ፖስታው ከተቆረጠበት ወረቀት 8.7 በ21 የሆነ ቁራጭ ይተርፋል። ጌጡ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ጎናቸው 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት አራት ማዕዘኖች ይወጡታል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ በጥብጡና በጥጥ እየነከራችሁ አንዱን ቀቡ፤ ሌላውን በደንብ በጠቆረ ሻይ። ጥላ ላይ ይድረቁ፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ሲጨማደዱ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሯቸው (ሙስሐፍ ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ነው)። ከዚያም ቢጫውን አስቀምጡና ቡናማውን በላዩ አዙራችሁ፣ ማዕዘኖቹ በቢጫው ጎኖች መሐል እንዲወጡ አድርጋችሁ ለጥፉ። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ሆነ ማለት ነው። በብዙ ሙስሐፎች ላይ የሩብ ሒዝብ መጀመሪያ የሚታወቅበት ምልክት ቅርጹ ይኸው ስለሆነ የቀራ ልጅ ወዲያው ይለየዋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። በየሱቁ የቁርኣን አንቀጽ ወይም ቢስሚላህ በወርቃማ ቀለም የታተመባቸው ካርዶች ይሸጣሉ። ያምራሉ፤ ነገር ግን ዒድ ካለፈ ከሳምንት በኋላ የት እንደሚወድቁ አስቡ። የአላህ ስም ከቆሻሻ ጋር ሲጣል ማየት ለማንም ሙእሚን ይከብዳል። ስለዚህ ካርዱ ላይ «ዒድ ሙባረክ» እና የተቀባዩ ስም ይብቃ። ሰሓቦች በዒድ ቀን ሲገናኙ ይባባሉት እንደነበር የተዘገበውን «ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም» ደግሞ በአፋችሁ በሉት፤ ለዚህም መሄድ ግድ ይሆናል። ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው የዒድ መልእክት ይህን እግር አያስነሳም።

ተምር ለመጨመር የፈለገ ቆሎ ሻጮች እንደሚያደርጉት ወረቀቱን እንደ ሾጣጣ ጠቅልሎ ሰባት ስምንት ፍሬ ይክተትበት። ጋዜጣ ግን ቀለሙ ምግብ ይነካልና አይሁን። የአሮጌ ደብተር ገጽም ከሆነ አስቀድማችሁ አንብቡት፤ የልጆቹ የመድረሳ ደብተር በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ ቢስሚላህ አለበት።

ለችግረኛ ጎረቤት ካርድና ተምር መስጠት ዘካተል ፊጥርን አይተካም። እርሱ ከዒድ ሰላት በፊት ለባለመብቱ መድረስ ያለበት ግዴታ ነው።

ማንበብ ለማይችሉ አያት ምን እንጻፍ ለምትሉ ደግሞ ምንም አትጻፉ። የትንሹን ልጅ መዳፍ ካርዱ ውስጥ ዘርጉና በእርሳስ ዙሪያውን አስምሩት፤ ጣቶቹን በእርዱ ውሃ ይቅባቸው። ከሥሩ ዓመተ ሒጅራውን አስፍሩ። በሚቀጥለው ዒድ ሌላ መዳፍ ይጨመርና አያት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ይለኩታል።