መንደር የሚጸናው በፈቃድና በእጅ ሥራ ነው

የአገር ብልጽግና በከተማ ሕንፃ ቁመት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ከተማውን የሚቀልበው ባላገር ጠግቦ ማደሩም ሊመረመር ይገባዋል። በአዲስ አበባ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ ሰፊ ጎዳና ተዘርግቷል፤ ታላላቅ ሕንፃዎችም ቆመዋል። ነገር ግን ሰፈሩ በስሙ የሚጠራበት የወሎ አገር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡ በረኃብ ያለቀበት መሆኑ የሚዘነጋ አይደለም።

ድኅነትን ለማራቅ የገጠር መንደር ራሱን ይቻል በሚለው ሐሳብ የሚከራከር የለም፤ ክርክሩ በመንገዱ ላይ ነው። የደርግ መንግሥት በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ብዙ መቶ ሺህ ሰው አንሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ በተከታዩም ዓመት ገበሬውን በብዙ አውራጃ በመንደር ሰበሰበ። ምክንያቱ ውኃና ትምህርት ቤት ለማቅረብ ነው ተባለ፤ ዳሩ ግን ገበሬው ፈቃዱን ሳይጠየቅ ከእርሻው ስለ ራቀ፣ በ1982 ዓ.ም. ትእዛዙ በላላ ጊዜ ብዙው መንደር ፈረሰ።

በፎገራ ወረዳ ያለው አውራ አምባ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዙምራ ኑሩና ባልንጀሮቹ በ1964 ዓ.ም. በፈቃዳቸው መሠረቱት፤ መሬታቸው ጠባብ ስለ ሆነ ሽመናን ያዙ፣ ወፍጮ አቆሙ፤ ወንድና ሴት ሥራ ሳይለዩ ይሠራሉ፤ ጧሪ ያጣውን ሽማግሌ በማኅበር ይጦራሉ። በደርግ ዘመን ቢሰደዱም ተመልሰው መንደራቸውን አቀኑ። ስለ ሃይማኖታቸው ካህናት የሚሉት ቢኖር ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ትጋታቸው ግን የሚነቀፍ አይደለም። በአንድነት ገዳም መነኮሳት በጋራ ሠርተው በጋራ መመገባቸው ከጥንት የታወቀ ሥርዓት ነውና።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ይሁን እንጂ ሸማኔንና ሸክላ ሠሪን መናቅ ዛሬም ከብዙ ቦታ አልጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ መኖሩን ካህናት በየዐውደ ምሕረቱ ቢያስተምሩ፣ መሬት ያነሰው ወጣት የእጅ ሥራን ሳያፍር ይይዛል።

ሹማምንትም የመንደር ቦታ ከመቀየሳቸው አስቀድሞ ነዋሪውን ሊጠይቁ፣ ከዚያም ውኃውን፣ ወፍጮውንና የገበያውን መንገድ ሊያቀርቡለት ይገባል። በትእዛዝ የተሠራ መንደር ትእዛዙ ሲላላ ይፈርሳል፤ ባለቤቱ ወዶ የሠራው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።