የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በእርጅና የሚመለስ የሕፃንነት ምልክት

ዕድሜ እየረዘመ በሄደ መጠን የመርሳት ደዌ የሚጎበኘው ቤት እየበዛ ስለ መጣ፥ ይህን እትም ሐኪም ያለ ውድ መሣሪያ በእጁ ሊፈጽመው ለሚችል፥ በእርጅና የሚመለሱ የሕፃንነት ምልክቶችን ለሚፈልግ ምርመራ መድበነዋል። መዳፉን የነካውን ጣት መጨበጥ ለሕፃን የተፈጥሮ ጸጋ ሲሆን፥ አንጎል እየበሰለ ሲሄድ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይገታል፤ የአንጎል ፊተኛው ክፍል በደዌ ሲጎዳ ግን የተገታው ምልክት በሽማግሌው ላይ ዳግመኛ ይገለጣል። ይሁን እንጂ የነርቭ ሐኪሞቹ ማሪኔስኮና ራዶቪቺ በ1920 እ.ኤ.አ. የገለጹት፥ መዳፍ ሲጫር አገጭ የሚኮማተርበት ሌላው ምልክት በጤነኞችም ላይ ስለሚታይ፥ በእርሱ ብቻ መፍረድ ከጥበብ የራቀ ነው።

ከዚህ እትም ሐኪሙ የምርመራውን ሥርዓትና ወሰን ይማራል፤ አስታማሚውም አባቱ እጁን ጨብጦ አልለቅ ያለው በእልከኝነት እንዳልሆነ ይረዳል። የበሽተኛውን ታሪክ ሳይጠይቁ ምልክት ቈጥረው ለሚፈርዱ ባልንጀሮቻችን ግን፥ ከአክብሮት ጋራ፥ ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እንለምናለን።